ሐውልቱ የያዘው

የታሪክ መምህሩ ተጠራጣሪ ነው ማለት እሱን ማሳነስ ነው። ሚስቱ ዝናብ ጀመረ ብትለው፣ መስኮት ከፍቶ እጁን ካላወጣ አያምናትም። ተማሪዎቹ «ጋሽ ማስረጃ» ያሉት ያለ ነገር አይደለም፤ ማንም ምንም ቢናገር ጣቱን ቀስሮ «ማስረጃህ?» ይላል። ጉዱ ግን ወዲህ ነው፦ ይኸው ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለ ሐውልት ሲያስተምር አንዱንም በዓይኑ አላየም። ያለው ማስረጃ መጽሐፉ ብቻ ነው።

ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው የመምህራን ማኅበሩ ሐውልቶቹን ለመጎብኘት ጉዞ አዘጋጀ። መጀመሪያ ክፍሌን ለሌላ ሊሰጡብኝ ነው ብሎ ጠረጠረ። በኋላ ግን አንድ ነገር ከነከነው። «አንዲት ውሸት ሳላስተምር ወጣሁ» ብሎ ቤቱ መግባት ይፈልጋል፤ ለዚህ ደግሞ ሄዶ ማየት አለበት። ስለዚህ የማስተማሪያ ደብተሩን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ተነሣ።

አውቶቡሱ ላይ ገና ሳይቀመጥ ሾፌሩን ጠረጠረው። አርባን የተሻገረ ዝምተኛ ሰው ነው፤ በመስታወቱ በኩል ዓይኑን ከመምህሩ ላይ አይነቅልም። መምህሩ ወንበር ቢቀይርም ዓይኑ ተከተለው። ይሄ ሰው አንድ ነገር አስቦብኛል ብሎ አጠገቡ ላለችው የሒሳብ መምህርት አንሾካሾከላት። እሷም ሾፌር መስታወት ካላየ ምን እንዲያይ ፈለግህ ብላ ሳቀችበት። ነገሩ ግን አልተዋጠለትም። ምሳ ላይ ሾፌሩ ሻይ ቢልክለት ሳይነካው ተወው፤ የሰው ሆድ ማን ያውቃል?

ጠዋት ያዩት ሐውልት ከደብተሩ ጋር ልክክ ብሎ ነበርና ደረቱ ተነፍቷል። ከሰዓት በኋላ የወታደሮቹ መታሰቢያ ደረሱ። ደብተሩ «ጠመንጃ የያዘ ወታደር» ይላል፤ በየዓመቱ ፈተና ላይ ያወጣዋል። ደረጃውን ወጥቶ ቀና አለ። ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ፤ ሐውልቱን ዞረው። ወታደሩ የያዘው አካፋ ነው። ከሥሩ «ጓዶቻቸውን በክብር ለቀበሩ» ተብሎ ተቀርጿል። የመጽሐፉ ፎቶ ከጥፍር የማይበልጥ፣ የደበዘዘ ነበር፤ ጠመንጃ ነው ብሎ የወሰነው ራሱ ነው። ደረጃው ላይ ዘፍ አለ።

ያኔ አንድ ልጅ ትዝ አለው። ልጁ ፈተናው ላይ «አካፋ» ብሎ ጽፎ ነበር። ማስረጃ ሲጠየቅ፣ አባቴ የሐውልቱን ድንጋይ ጠርቧል፣ እሱ ነው የነገረኝ አለ። መምህሩም ክፍሉ ፊት አቁሞ «አባትህ ዋሽቶሃል» አለው፤ ክፍሉ በሳቅ አወካ።

ዘወር ሲል ሾፌሩ ከኋላው ቆሟል። ሊመታኝ ነው ብሎ ተሸማቀቀ። ሾፌሩ ግን አጠገቡ ቁጭ አለ።

መምህሩ ፊቱን ትኩር ብሎ አየና «ያ ልጅ አንተ ነህ?» አለው።

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

መምህሩ አፈረ፤ አፍሮ አያውቅም ነበርና ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት አለ። አባትህ ዘንድ ውሰደኝ፣ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅር በለኝ ልበለው ብሎ ለመነ።

ሾፌሩ አባቱ ከሞተ ስድስት ዓመት እንደሆነው ነገረው። ሐውልቱን ያየውም አባቱን ከቀበረ በኋላ፣ ይህን ሥራ ሲይዝ ነው። አባቱ በሕይወት ሳለ ስለ ድንጋይ ጠራቢነቱ ወሬ በጀመረ ቁጥር ሾፌሩ ተነሥቶ ይወጣ ነበር።

«አባትህ አይደለም እንዴ?» አለ መምህሩ። «እንዴት አታምነውም?»

ሾፌሩ ወደ ሐውልቱ ቀና አለ።

«እርስዎን አምኜ ነዋ» አለው።