ፋሐሂል ላይ የወረድኩበት ዓርብ

ባለፈው ሳምንት ሥራ ቀዝቀዝ ባለበት አንድ ከሰዓት በኋላ ሰላም ስልኳን ይዛ እየሳቀች መጣችብኝ። ሰላም ሱራ በሚባለው ሰፈር እኔ በምሠራበት የሴቶች ፀጉር ቤት ፀጉር የምታጥብ ልጅ ናት። «እትዬ ብርቄ፣ እጮኛዬን እዪልኝማ!» አለችና ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። አንድ መልከ መልካም ልጅ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ አንድ እጁን መሪ ላይ ጥሎ ይስቃል። ከአገር ቤት ከመጣ ሁለት ወሩ ነው።

«የዚህን አገር መንጃ ፈቃድ አወጣ እንዴ?» አልኳት።

«ያገር ቤቱን ይዞ የለ! የፈተና ቀጠሮ እስኪሰጡት በሱ ይነዳል። እየተጠነቀቀ ነው ደግሞ።»

ሳቄ ከፊቴ ጠፋ። ልጅቷም ደነገጠች፤ ያስቀየመችኝ መሰላት። ነገሩ ግን ሌላ ነው። እዚህ ኩዌት የመኖሪያ ፈቃድህ፣ ኢቃማ የምንለው፣ ከወጣልህ ጀምሮ የአገር ቤት መንጃ ፈቃድህ ተራ ወረቀት ነው። ሃያ ዓመት ነድተህ ሊሆን ይችላል፣ ዳገት ቁልቁለቱን ጨርሰህ ሊሆን ይችላል፤ ማንም አይጠይቅህም። የዚህን አገር ፈተና ሳታልፍ መሪ ይዘህ ከተገኘህ ታስረህ ወደ አገርህ ትሸኛለህ፤ ዘንድሮማ ሕጉ ብሷል ይላሉ። እኔ ይህን ከወሬ አልተማርኩትም። ታደለ በሚባል ሰው ነው የተማርኩት፤ መዘዙን ያመጣሁበትም እኔው ነኝ፣ ወይ ነዶ!

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሚሽሪፍ በሚባለው ሰፈር አንድ ቤት በሠራተኝነት አገለግል ነበር፤ ማዳም ጥሩ ሴት ነበረች፣ ትንሽ ቁጡ ብትሆንም። ታደለ ለዚያ ቤት ሹፌርነት መጥቶ ገና ሁለተኛ ወሩን መያዙ ነው። ከእኔ ወደ አስር ዓመት ይበልጠኛል፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው። አገር ቤት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተሳቢ ይዞ የጅቡቲን መንገድ ሲመላለስ የኖረ ነው። የአፋርን ሙቀት የቻለ ሰው እዚህ ደርሶ ማዳም ገበያ የምትሄድባትን ትንሽ ቶዮታ እንኳ እንዳይነካ ተከለከለ። ኢቃማው ወጥቷል፣ ፈተናው ደግሞ የሚቀጥለው ማክሰኞ ነው። ማዳም አጥብቃ ነግራዋለች፤ እሱም ቃሏን አክብሮ ጠዋት ጠዋት መኪናዋን ያጥባል፣ ሞተሯን ያሞቃል፣ ከግቢ ግን አያወጣትም። ማታ ማታ የመንገድ ምልክቶቹን ደብተር ይዞ ጓዳ በር ላይ ይቀመጥና ያጠናል።

ዓርብ ነበር፣ መጋቢት ውስጥ። ሙቀቱ ገና አልጠናም፤ አቧራው ግን ሰማዩን ቡናማ አድርጎታል። የቤቱ ሰዎች በሙሉ በረሃ ወደ ተከሉት ድንኳናቸው ሄደው ቤቱን ለእኔ አደራ ብለውኛል። ለማታ የሚበሉትን ሩዝና ዶሮ ከምድጃ አውርጄ፣ ደረቅ ሎሚው ገና እጄ ላይ እየሸተተ፣ ወደ ታደለ ወጣሁ። ለእህቴ ሰርግ የገዛሁት ቀሚስና ጫማ ነበረኝ፤ የምትወስድልኝ ሴት ባሕር ዳር ባለችው ፋሐሂል ሻንጣዋን እያሰረች ነው፤ ማምሻውን ትበራለች።

«ታዴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አድርሰኝ፣ በሞቴ!»

«ማክሰኞ ፈተና አለኝ እኮ። ማክሰኞን ልለፍና እንኳን ፋሐሂል፣ የፈለግሽበት አደርስሻለሁ።»

«ሴትዮዋ እስከ ማክሰኞ አውሮፕላኑን ታቁምልኝ?»

«ታክሲ ያዢ፣ እህቴ።»

ታክሲ መያዝ እችል ነበር። አውቶቡስም ነበረ። ላለፉት ዓመታት ሰው ሲጠይቀኝ «ጊዜ አልነበረም» እያልኩ ኖሬአለሁ፤ ውሸት ነው። ፋሐሂል ዓርብ ዓርብ የሚሰበሰቡት የአገሬ ልጆች ከመኪና ስወርድ እንዲያዩኝ ፈልጌ ነበር። ይኸው ነው። ስለዚህ የሰውየውን ደካማ ጎን ፈልጌ ወጋሁት።

«ተሳቢ ነዳሁ፣ ጅቡቲ ወረድኩ የምትለው ወሬ ነው ለካ! እኔ ደግሞ እውነት መስሎኝ።»

አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። «አንቺ ልጅ መዘዝ ነሽ» አለና ቁልፉን ሊያመጣ ገባ።

እንዴት አድርጎ እንደሚነዳ! መኪናዋ መሬት የነካች አይመስልም ነበር። ከኋላ ተቀምጬ ሻሼን አሥሬ እያስተካከልኩ እንደ ባለቤት ወደ ውጭ አያለሁ። እሱ መሪ ሲይዝ አፉ ተፈታ። ስለ ሁለት ሴት ልጆቹ አወራኝ። የተሳቢው ባለቤት በሱ ቦታ ሌላ ሹፌር እንዳስቀመጠ፣ አማቱም «ተሳቢውን ጥሎ የሰው ቤት ሹፌር ሊሆን የሚሄድ ወንድ አይቼ አላውቅም» እንዳሉት ነገረኝ። «ሁለት ዓመቴን ሞልቼ ካልገባሁ እሳቸው ፊት የምቆምበት ፊት የለኝም» አለ። እኔ ግማሹን ሰማሁት፣ ግማሹን አልሰማሁትም። የባሕሩና የነዳጁ ሽታ ተቀላቅሎ መጣ፤ ፋሐሂል ደረስን።

ገበያው ጋ ስንቃረብ መኪናዎቹ ተሰልፈው መራመድ አቆሙ። ታደለ አንገቱን አስግጎ አየ። ፖሊሶች መንገድ ዘግተው ወረቀት ይጠይቃሉ። ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም፤ ከኋላችን ሰልፉ ሞልቷል። ሳይዞር፣ ድምፁንም ሳይለውጥ፣ «ውረጂ» አለኝ።

«አንተስ?»

«ወንድና ሴት አብረን ከተገኘን ሌላ ስም ነው የሚሰጡን፤ አንቺም ከአገር ትባረሪያለሽ። ዕቃሽን ይዘሽ ውረጂ። አላየሁሽም፣ አላየሽኝም።»

ወረድኩ። አንድ ጊዜ እንኳ «አይሆንም» አላልኩም። የጫማ መሸጫ በር ላይ ሕዝብ መሀል ቆሜ አየሁት። ተራው ሲደርስ እንደ አገር ቤት ወግ ከመኪናው ወረደ። አገር ቤት ትራፊክ ሲያስቆምህ ወርደህ፣ መንጃ ፈቃድህን በሁለት እጅህ ይዘህ፣ ጎንበስ ብለህ ትሄዳለህ፤ አክብሮት ነው፣ ለምነህም ትታለፋለህ። እዚህ ግን ከመቀመጫው የሚነሳ ሹፌር ያስደነግጣል። ፖሊሱ እጁን ዘርግቶ ጮኸበት። ታደለ ቋንቋው ስላልገባው የበለጠ ጎንበስ ብሎ ቀረበው። ሁለት ሆነው ክንዱን ይዘው ወደ መኪናቸው ወሰዱት፤ ያ የዘጠኝ ዓመት መንጃ ፈቃድ በአንደኛው ፖሊስ እጅ ላይ ሲገላበጥ አየሁ።

ከዚያ ምን አደረግሁ? ዕቃውን አደረስኩ። ሴትዮዋ ቀሚሱን ዘርግታ «ያምራል» አለችኝ፤ ሻይ ሰጠችኝ፣ ጠጣሁ። በአውቶቡስ ተመልሼ የቤቱ ሰዎች ሳይገቡ ጓዳዬ ገባሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ከፖሊስ ጣቢያ ተደወለ። ማዳም ወደ ወጥ ቤት መጥታ በሩን ዘጋች።

«ታደለ መኪናዬን ይዞ የት ይሄድ ነበር?»

«ወላሂ ማዳም፣ አላውቅም።» መስቀል በአንገቴ አስሬ ወላሂ አልኩ።

«ስሚኝ» አለች። «ከዚህ ቤት ሰው ልኮት ከሆነ ጥፋቱ የቤቴ ነው። ወንድሜ እዚያ ሰው ያውቃል፣ ሄዶ ፈርሞ ያወጣዋል። እንዲሁ ሊንሸራሸር አውጥቷት ከሆነ ግን ይሂድ፣ አላዝንለትም።»

እሑድም ጠየቀችኝ። ሰኞም ሸሚዝ ስተኩስ መጥታ አጠገቤ ቆመች፤ ተኩሼ እስክጨርስ ጠብቃ ሄደች። እናቴ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ትል ነበር፤ እኔም ያንን ተረት ሙጭጭ አድርጌ ያዝኩት። ፈርቼ ነበር። ቤቱን ጥዬ ወጥቻለሁ፣ ከወንድ ጋር በመኪና ሄጃለሁ፤ ብናገር እኔም አብሬው እንደምባረር አልተጠራጠርኩም። ትንሿ እህቴ በእኔ ነበር የምትማረው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ታደለ በእኔ ምክንያት እንደታሰረ ማወቄም እውነት ነው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ የቤት ስልክ ጮኸ፤ ያነሳሁት እኔ ነኝ። እሱ ነበር።

«ብርቄ፣ ሻንጣዬን አዘጋጂልኝ፤ የሚወስድ ሰው ይመጣል። በእኔ ምክንያት የጠየቀሽ ሰው አለ?»

«የለም» አልኩት።

«ተመስገን። በይ አይዞሽ፣ አታልቅሺ።»

ዕቃውን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሹራብ፣ የልጆቹ ፎቶግራፍ። የምልክቶቹን ደብተር ገለጥኩት፤ በየሥዕሉ ሥር በጥቃቅን ፊደል ትርጉሙን በአማርኛ ጽፎበታል። እስከ መጨረሻው ገጽ ጨርሶታል። ማክሰኞ፣ ፈተና ሊቀመጥበት በነበረው ቀን፣ አውሮፕላን ላይ አወጡት። አሻራውን ስለወሰዱት ተመልሶ መምጣትም አይችልም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ያንን ቤት ለቅቄ ስወጣ ማዳም እስከ በሩ ሸኘችኝ። አቅፋ ሳመችኝ፤ ከዚያ ትከሻዬን እንደያዘች «በዚያ ዓርብ ሁለት ጊዜ ቤት ደውዬ ነበር» አለችኝ። «የሚያነሳ አልነበረም።»

ሻንጣዬን መሬት አስቀመጥኩ። «ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ወንድሜን ልብሱን አስለብሼ ሦስት ቀን አስቀመጥኩት። ከአፍሽ እስኪወጣ ጠበቅኩ፤ ብትነግሪኝ አንቺንም አላባርርሽም ነበር። ሰውየው ላንቺ ብሎ አፉን ዘጋ፤ አንቺ ለሱ ትከፍቺ እንደሆነ ማየት ፈለግሁ።» ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እኔም ኃጢአት ሠርቻለሁ። የፈተንኩት አንቺን ነበር፣ የተቀጣው ግን እሱ ሆነ። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

ያን ቀን ምን ብዬ እንደወጣሁ አላስታውስም። ብዙ ዘመን በማዳም ላይ ተናድጄ ኖርኩ፤ ለራሴ ንዴት ማረፊያ ሆነችልኝ። ስታውቅ ለምን ዝም አለች እያልኩ ስወቅሳት የእኔ ዝምታ ቀለል የሚል ይመስለኝ ነበር። ሕጉንም ረግሜአለሁ። ሕጉ ጨካኝ ነው፣ አዎን፤ ግን ለታደለ በር ከፍቶ ነበር፤ በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ ለሰላም ነገርኳት። ልጅቷ ከመታጠቢያው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ሳትንቀሳቀስ ሰማችኝ። ስጨርስ ስልኳን አነሳችና ለእጮኛዋ ደወለች። «አሁኑኑ መኪናውን አቁም፣ ቁልፉን ለባለቤቶቹ ስጥ» አለችው። ልጁ ከወዲያ ማዶ ተከራከራት፤ እሷም ጮኸችበት፣ አለቀሰችበትም። በመጨረሻ «እሺ» አስባለችው።

«ታዴ ዛሬ የት ነው?» አለችኝ ዓይኗን እየጠረገች።

«አዳማ። ተሳቢውን አላገኘውም፤ የሰው ሚኒባስ ይነዳል አሉኝ። ስልክ ቁጥሩን ከያዝኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል።»

«ደውለሽለት አታውቂም? ቢቆጣሽ ምን ይመጣል፣ እትዬ?»

«ቁጣውንስ በጸጋ እቀበለው ነበር» አልኳት። «የምፈራው፣ ዛሬም አይዞሽ ብሎኝ ስልኩን እንዳይዘጋው ነው።»