ፈንታ ማልት የጠጣ ሰሞን

ንፋስ መውጫ ላይ ድንጋይ ጠራቢው ፈንታ መጠጥ ተወ ቢባል ማን ያምናል? ሃያ ስድስት ዓመት መሮና መዶሻ ይዞ የከተማውን ግማሽ መሠረት ያቆመ፣ ማታ ማታ ጉሮሮው የገባውን አቧራ በጠላም በአረቄም ሲያጥብ የኖረ ሰው ነው። በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምህረት፣ መስከረም እንደጠባ ግን ጎኑን ቀስፎ ያዘው፤ እህል አልወርድ አለው፤ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆነ። ደብረ ታቦር ሄዶ ቢመረመር ሐኪሙ ወረቀቱን አገላብጦ አየና፣ "አባቴ፣ መጠጡ ጉበትዎን ጎድቶታል። ከእንግዲህ አንዲት ብርጭቆ ቢቀምሱ ራስዎን እንደገደሉ ይቁጠሩት" አለው።

ፈንታ ሚኒባሱ ውስጥ ጥጉን ይዞ ተመለሰ። ሞትን እንኳ ያን ያህል አላሰበውም፤ የጨነቀው የቅዳሜ ነገር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ክንዱ የሚባለውን የፈንታን ታናሽ ወንድም፣ አዳነ የሚባል የእርሻ ጎረቤቱ በወሰን ጠብ ገደለው። አዳነ ዘብጥያ ወረደ፤ ፈንታ ጠመንጃ ፍለጋ ዞረ። ቀሳውስቱና ሽማግሌዎቹ ደጁ ላይ ሰነበቱ። የገዳዩ ታላቅ ወንድም ካሴ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ እግሩ ሥር ወደቀ። "እርቅ ደም ያደርቅ" ተብሎ፣ መስቀል ተመትቶ፣ ፈንታና ካሴ ከአንድ ዋንጫ ጠጡ። ታዲያ የእኛ የጋይንት ሰው የአንድ ቀን ዋንጫ የሚያምን መሰላችሁ? "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም" ሲል ያደገ ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ፣ "በየቅዳሜው አብራችሁ ጠጡ፤ አገር ይያችሁ" ብለው ፈረዱ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቅዳሜ ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ገነት ግሮሰሪ ይገናኙና ሁለት ሁለት ቢራ ይጠጣሉ። አይዋደዱም፣ አይጣሉም። ስለ ውርጩና ስለ ገብሱ ያወራሉ፤ ሲጨርሱ "በል ደህና እደር" ተባብለው ይለያያሉ። ለፈንታ እንደ ሥራ ነበር።

አሁን ቢቀር፣ "ቂሙ ተነሣበት" ይባላል። ሄዶ ለስላሳ ቢያዝስ? እሱማ ይብሳል። በእኛ አገር ደመኛ ያለው ሰው በድንገት መጠጥ ከተወ፣ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ፣ ዓይኑም ዒላማ እንዳይስት ብሎ ነው ይባላል። ጊዜውም ክፉ ነበር፤ አዳነ በአመክሮ ሊፈታ ነው እየተባለ ይወራል።

"በሽታህን ተናገራ!" ትለው ነበር ሚስቱ አስካለ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?"

"ምን ብዬ? የወፍ በሽታ ያዘኝ ብዬ?"

የዓይን ቢጫነትን አገሩ የወፍ በሽታ ይለዋል፤ በብርጭቆም በትሪም ይጋባል ብሎ ይፈራዋል። ጠራቢዎች ደግሞ ምሳቸው አንድ ትሪ፣ ውሃቸው አንድ ጣሳ ነው። ያ ወሬ ከወጣ ማን ከፈንታ ጋር ይበላል? ማንስ ያሠራዋል? ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ አወረደና ዓይኑን ለጠየቀው ሁሉ "አቧራ ነው" ማለት ጀመረ።

መላውን ያገኘው ገነት ግሮሰሪ መደርደሪያ ላይ ነው። ከባሕር ዳር አዲስ የመጣ፣ አልኮል የሌለው፣ ማልት የሚሉት ነገር ተደርድሮ አየ። ገነትን ወደ ጓዳ ጠራት።

"ገነት፣ ቅዳሜ ከካሴ ጋር ስቀመጥ ለእሱ ቢራውን፣ ለእኔ ይኸን ከዚሁ ቀድተሽ በብርጭቆ አምጪልኝ። ጠርሙሱ እንዳይታይ።"

"ውይ ጋሼ ፈንታ! ይኸ እኮ የነፍሰ ጡር መጠጥ ነው" አለች ገነት እየሳቀች። ከባርኔጣው ሥር ዓይኑን ስታየው ግን ሳቋ ጠፋ። "እሺ" አለች። "ለማንም አልናገርም።"

እንዲህ ሆኖ ስምንት ቅዳሜ አለፈ። ማልቱ ጠቆር ይላል እንጂ አረፋው ቢራ ይመስላል፤ ፈንታም ጀርባውን ለመብራቱ ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። ቀን ሙሉ የድንጋይ ብናኝ ሲውጥ ለዋለ ሰው ያ ጣፋጭ ነገር እንዴት እንደሚያቅር እሱ ያውቃል! ካሴ ሞቅ ሲለው እሱም ሞቅ ያለው ለመምሰል ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ በማያስቀው ይስቃል፤ ሲነሣ አውቆ ይንገዳገዳል። ቤቱ ሲገባ አልጋው ላይ ይዘረጋና፣ "አስካለ፣ የሰከረ መምሰል ከመስከር ይልቅ ይሰብራል። ደከመኝ" ይላል። እሷም ጫማውን ታወልቅለታለች።

በዘጠነኛው ቅዳሜ ካሴ ገና ሲገባ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ስለ ውርጭም ስለ ገብስም አላነሣም። የመጀመሪያውን ቢራ ጭልጥ አድርጎ ጨረሰ። ፈንታ በግድ እየሳቀ አንድ ነገር ሲያወራለት፣ ካሴ እጁን ዘረጋና የፈንታን ብርጭቆ አንሥቶ ተጎነጨለት።

"ስኳር!" አለ። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ መታው። "ስኳር ነው የምትጠጣው!"

ፈንታ ባርኔጣውን ይበልጥ አወረደ።

"ሁለት ወር ሙሉ ጠርጥሬሃለሁ" አለ ካሴ። ድምፁ ቁጣም ፍርሃትም ነበረበት። "እኔ ሰክሬ የባጥ የቆጡን ስቀባጥር አንተ በጤና ዓይንህ ታየኛለህ። ወንድሜ ከነገ ወዲያ ተፈትቶ ይገባል። ለማን ብለህ ነው የማትሰክረው? ንገረኛ!"

"ካሴ፣ እንደሱ አይደለም..."

"ገነት! ቢራ አምጪለት። እዚሁ ፊቴ ክፈቺው!"

ገነት ከፍታ ቀዳችው። ሰው ሁሉ ፈንታን ያያል። ካሴ አንድ እጁን ከጋቢው ሥር ከቷል፤ እዚያ ምን እንደያዘ እግዜር ይወቀው። ፈንታ ብርጭቆውን አነሣ። የብቅሉ ሽታ አፍንጫው ገባ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጠጥቶት ሊያርፍ ቃጥቶት ነበር። ጠጥቶ ቢሞትስ? መዋሸቱ ያልቃል፤ መንገዳገዱ ያልቃል፤ የአዳነም ነገር ያልቃል። ከንፈሩ አረፋውን ነካ። አስካለ ትዝ አለችው። መልሶ አስቀመጠው።

"አልችልም" አለ። ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ወደ መብራቱ አዞረ። "እየኝ ካሴ። ዓይኔን እየው። እንኳን ሰው ልገድል መዶሻ ማንሣት አቅቶኛል። የወፍ በሽታ ነው ያለብኝ።"

ካሴ ጎንበስ ብሎ አየ። አየና እጁ ከጋቢው ሥር ወጥታ አፉ ላይ ሄደች።

"ከብርጭቆህ ጠጣሁ እኮ!" ብሎ ጮኸ። ወለሉ ላይ ተፋ። "ኧረ ጉዴ! ጠጣሁ እኮ! ገነት፣ አረቄ! ቶሎ በይ!" አረቄውን ተጉመጥምጦ ደጅ ወጥቶ ተፋ፤ ደገመና ተጉመጠመጠ፤ ከንፈሩን በጋቢው ጫፍ እስኪላጥ ጠረገው።

እንግዲህ አመነው ማለት ነው። መሐላ አልጠየቀ፣ ወረቀት አልጠየቀ። በር ላይ ቆሞ፣ "እግዜር ይማርህ ፈንታ። እኔና አንተ ነገር የለንም" አለና ሄደ። አጠገባቸው ተቀምጠው የነበሩትም አንድ በአንድ ወንበራቸውን እየጎተቱ ራቁ።

ሰኞ ጧት ወሬው ከፈንታ ቀድሞ ሥራ ቦታ ደርሶ ጠበቀው። ጠራቢዎቹ ቀይ ክር የታሰረበት ጣሳ ለብቻው አዘጋጅተውለታል። ረቡዕ ምሳ ሲቀርብ ሁሉም "በልተናል" አሉት። ዓርብ ደግሞ አለቃው መሬት መሬት እያየ፣ "ጋሼ፣ እስኪሻልዎት ትንሽ ቢያርፉ" አለው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሃይማኖት፣ የእሱ በሽታ ከመጠጥ የመጣ እንጂ በብርጭቆ የሚጋባ እንዳልሆነ በየሄደችበት ተናገረች። ማን ሰምቷት! አገሩ አንዴ ከፈራ ፈራ ነው።

ቅዳሜ ሲደርስ ፈንታ ባርኔጣውን አነሣ።

"ደግሞ ወዴት ነው?" አለች አስካለ።

"ካልሄድኩ ቂም ይሉታል።"

"አሁን ቂምህን ማን ያስበዋል? ሰዉ የሚፈራው ትንፋሽህን ነው።" ወዲያው ከአፏ ያመለጣትን ስታውቅ አለቀሰች።

ሄደ። ሌላ የሚሄድበት አልነበረውም። ካሴ ከወዲያ ጥግ ሆኖ እጅ ነሣው፤ አልመጣም። ገነት ማልቱን ከነጠርሙሱ አመጣችለት፤ አጠገቡ የፕላስቲክ ኩባያ አስቀመጠች። "ደንበኞቹ ብርጭቆውን... ይቅር ይበሉኝ ጋሼ" አለች። "አይዞሽ፣ ልጄ" አላት። ቀድቶ ብቻውን ተቀመጠ። መምሰል ቀርቶለት ነበር፤ ግን አላረፈም። በሽታው እንዲህ አላደከመውም፤ ዙሪያው ባዶ የሆነው ወንበር አደከመው።

በሩ ላይ አንድ ሰው ቆመ። ፀጉሩ ያለ ዕድሜው ሸብቷል፤ ጋቢውን አጣፍቶ አንገቱን ደፍቷል። ፈንታ መጨረሻ ያየው ፍርድ ቤት ነበር፣ ከአሥር ዓመት በፊት። አዳነ ነው። የገደለ ሰው የሟች ወንድም ግባ ሳይለው ጠረጴዛው አይቀርብምና እዚያው እንደቆመ፣ "ጋሼ ፈንታ፣ ልግባ?" አለ።

ካሴ ከጥጉ ብድግ አለ። ፈንታ ይህን ፊት ያየ ቀን ደሙ እንደሚፈላ አሥር ዓመት ሙሉ ሲያስብ ኖሯል። አልፈላም። ድካም ብቻ ነበር።

"ግባ" አለ። "ብርዱን አታስገባብን።"

አዳነ ገብቶ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ማንንም አላየ። የፕላስቲክ ኩባያውን በሁለት እጁ አነሣና ግማሹን ጠጣ፤ ቀሪውን ፈንታ ፊት መልሶ አስቀመጠው።

"አትጠጣ! ይይዝሃል!" አለ ካሴ ከወዲያ።

አዳነ ዘወር አላለም። ፈንታ ኩባያውን አየው፤ ያንን እጅም አየው። ይህን ሰው ይጥላው ወይስ ይመርቀው አላወቀም።

"አንተ አዳነ" አለ በመጨረሻ። "ክንዱን ባትገድልብኝ ኖሮ፣ ዛሬ ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጠው እሱ ነበር።"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ" አለ አዳነ። "በእሱ ቦታ ልቀመጥ ብዬ ነው የመጣሁት።"