የስለቱ ፍየልና የጉበቱ ክኒን

ወንድሜ ሄፓታይተስ ቢ እንዳለበት ከታወቀ ወዲህ በየቀኑ አንድ ክኒን ይውጥ ነበር። ሐኪሙ ቤተሰቡ ሁሉ ይመርመር ሲል እኔ ነፃ ሆንኩ፤ እንዴት እንዳለፈኝ እንጃ። እናታችን ላይ ግን ተገኘ። ጉበቷ ደህና ስለነበር ክትትል ብቻ ታዘዘላት። ሐኪሙ እኔንና ወንድሜን ለብቻችን ጠርቶ፣ ስትወልደው ከእሷ ሳይተላለፍበት አልቀረም አለን። ለእሷ ግን "ደህና ነሽ፣ አልፎ አልፎ መታየት ነው" አልናት። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለእናት በቁሙ አይነገርም።

ከዚያ የወንድሜ የደም ውጤት "ቫይረሱ አልታየም" ተብሎ መጣ። እናቴ ለካ የልጄ ደም ከጠራ ብላ ፍየል ተስላለች። ሳቢያን ሰፈር ያለው ግቢያችን ውስጥ ፍየሉ ታረደ፣ ጎረቤት በላ፣ ዱዓ ተደረገ፣ እኔም አጥንት ስግጥ ዋልኩ። ምን አውቄ! ወንድሜ ለካ ከዚያን ቀን ጀምሮ ክኒኑን ቁምሳጥን ላይ ወርውሮ ትቶታል።

የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እሷማ ደስ ብሏት ነው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ባዮሎጂ አስተምሬ እንደወጣሁ፣ የጠመኔው ብናኝ ከእጄ ሳይራገፍ፣ ባጃጅ ይዤ ወደ እናቴ ቤት ሄድኩ። ወንድሜ የሚነዳውን ሚኒባስ ደጅ አቁሞ ምሳ እየበላ ነበር፤ እናቴም አጠገቡ ተቀምጣለች።

"አቦ ተይኝ!" አለኝ ገና አፌን ስከፍት። "አላህን በፍየል አመስግኜ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ማረህ ብሎኝ፣ አሁን ተደብቄ ክኒን ልዋጥ? ምስጋናው ውሸት ነበር ማለት አይደል?"

እኔም የማውቀውን ጀመርኩ።

"ስማ። የቫይረሱ ዲኤንኤ ጉበትህ ሴል ውስጥ ገብቶ፣ ክብ ሠርቶ፣ ከአንተ ዲኤንኤ ጎን ተቀምጧል። ሴሉም ጅል አይደለም። እንግዳ ዲኤንኤ ሲያገኝ ጠፍሮ ይዞ እንዳይነበብ የሚያደርግ ጠባቂ ፕሮቲን አለው።"

"እሰይ! ታዲያ ይጠብቅ።"

"አያስጠብቁትማ! ቫይረሱ አንዲት ትንሽ ፕሮቲን ያሠራል። እሷ ጠባቂውን ራሷ አትደበድበውም። የማይፈለግ ፕሮቲን የሚያስወግዱትን የሴሉን የገዛ ራሱን ሠራተኞች ታመጣና ይሄን ጣሉት ትላቸዋለች። ይጥሉታል። ያኔ የቫይረሱ ዲኤንኤ እንደልቡ ይነበባል። ይሄም አይበቃትም፤ ተባዛ፣ ቁም እያሉ ሴሉን የሚያዙትን የአንተን ጂኖች ሳይቀር ትነካካለች። ካንሰር የሚባለው ጣጣ አንዱ መምጫው በዚያ በኩል ነው።"

"ክኒኑስ?"

"ክኒኑ ቫይረሱ እንዳይራባ ይከለክላል እንጂ ያንን ክብ ዲኤንኤ ነቅሎ አያወጣውም። ደምህ ውስጥ አልታየም ማለት ጉበትህ ውስጥ የለም ማለት አይደለም። በራሳቸው ፈቃድ አቁመው ጉበታቸው የከዳቸው ሰዎች አሉ። የደቻቱ ወንዝ ደረቀ ብለህ ጎርፉ በሚያልፍበት አሸዋ ላይ ቤት ትሠራለህ?"

"እኔ ሚኒባስ ነው የምነዳው፣ ቤት አልሠራም" ብሎ ሳቀ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! እኔ እሞታለህ እለዋለሁ፣ እሱ ይቀልዳል። ልመታው ምንም አልቀረኝም። ፈርቼ ነበር፤ ያለኝ ወንድም እሱ ብቻ ነው።

ይሄኔ እናቴ ጣልቃ ገባች። ለካ አንድ ቃል ሳያመልጣት ስታዳምጥ ኖሯል።

"ቆይ እስቲ፤ ይሄ ነገር መቼ ነው የገባበት?"

እኔ ደግሞ ማስተማር ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም። "ገና ጨቅላ እያለ ነው እማ። ካደገ በኋላ የያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ራሱ ያስወግደዋል። እንዲህ የሚሰነብተው በጨቅላነት ሲገባ ነው።"

"ጨቅላ እያለ?" አለች። "ጨቅላ እያለማ ከእኔ እቅፍ መች ወጣ? ለጎረቤት እንኳ አላሳቅፈውም ነበር። ታዲያ ከማን ይይዘዋል?"

የሐኪሙ ቃል ትዝ አለኝ። ወንድሜን አየሁት፣ አየኝ። እናቴ ሁለታችንንም ተራ በተራ ታየናለች።

"የገረዘኝ ሰውዬ ነዋ፣ እማ!" አለ ወንድሜ ድንገት። "ምላጩን የት የት ሲያዞር እንደነበር ማን ያውቃል!" ይሄን እያለ ተነስቶ ቁምሳጥኑ ላይ እጁን ሰደደና ክኒኑን አወረደ። "በይ አሁን ውሃ ስጪኝ። ይቺ አስተማሪ ሳትገለኝ ልዋጠውና ነገሩ ይብቃ።"

እናቴ ውሃውን ሰጠችውና "እጁ ይሰበር!" አለች። ሰውዬው ከሞተ ስንት ዘመኑ! ወዲያው ትዝ ሲላት "አላህ ይማረው" ብላ ጨመረችበት። ወንድሜ አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ዋጠ።

ሐኪሙ ደሙን እንደገና አይቶ ቀጥል አለው። የስለቱን ነገር ከዚያ በኋላ ማንም አላነሳውም። ወንድሜ ክኒኑን በየቀኑ የሚውጠው እናቴ ፊት ነው። እሷም ውሃውን ባቀበለችው ቁጥር ያንን ምስኪን ገራዥ ትረግመዋለች። እኔም ከተገኘሁ አሜን እላለሁ።