የሶፋ ሰሪው ኮርቻ

«የኔን ሶፋ! አገር ምድሩን ከሞላው ሶፋ መርጠህ መርጠህ የኔን!»

ሚስቱ ሳሎኑ መሀል ወገቧን ይዛ ቆማለች። ፊቷ ያለው አረንጓዴ ሶፋ እስከ ትናንት ሦስት ሰው ያስቀምጥ ነበር። ዛሬ መሀለኛው መቀመጫ ሆዱ ተዘርግፎ፣ ስፖንጁ ወጥቶ፣ ሞላው አፍጥጦ ነው ያገኘችው።

«ዳርና ዳሩ ደህና ነው እኮ» አለ ባልየው፣ ጥግ ላይ ቆሞ። «እኛም ሁለት ነን።»

«እንግዳ ሲመጣስ?»

«መሀል ላይ የሚቀመጥ እንግዳ ጥሩ እንግዳ አይደለም።»

እንዲህ ሲላት ሳቋ መጣ፤ ግን አልሰጠችውም፣ ዋጠችው። እንዴት ትሳቅ? ሰውየው ሥራው ሶፋ መሥራት ነው። ሀያ ምናምን ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ሶፋ ሲሠራና ሲያለብስ፣ ለራሱ ቤት «በሚቀጥለው ወር» እያለ፣ እሷን ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስረጅቷታል። ይህ ሶፋ በስንት ጭቅጭቅ የተወለደ ነው። እንዳይቆሽሽ ብላ የመጣበትን ላስቲክ እንኳ ሳታነሳ ዓመት ሙሉ ስትቀመጥ እየተንኮሻኮሸባት ነው የኖረችው።

«ለመሆኑ ስፖንጁ የት ገባ?»

«ሳይክሉ ላይ።»

ሳይክሉ የመጣው በልጃቸው ምክንያት ነው። አንድ ልጅ ናት ያለቻቸው። የእንስሳት ሐኪምነት ስትማር አባት «እሺ፣ ላም ታክማለች» ብሎ ልቡን አሳርፎ ነበር። ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ግን ላም የለ፣ በግ የለ። ከከተማው ርቆ፣ የታመመና ክንፉ የተሰበረ ጥንብ አንሳ እየታከመ ተመልሶ የሚለቀቅበት ግቢ ገባች። ለሽኝቷ ሰው ተጠርቶ ቤቱ ሞልቶ ሳለ፣ አባትየው ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ ተነሳ። «የሰው ልጅ ተምሮ የሰው ሐኪም ይሆናል» አለ፤ «የኔ ልጅ ተምራ ተምራ የጥንብ አንሳ ሞግዚት ሆነች!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቱም ሳቀች። ከዚያ ወደ ማድቤት ገብታ የታጠበ ሳህን ስታጥብ አመሸች።

ከዚያ ወዲህ የምትደውለው ለእናቷ ነው። ስልኩ ሊዘጋ ሲል «አባዬን ሰላም በይልኝ» ትላለች። ሰላምታው በየሳምንቱ ይደርሰዋል፣ ሳይጎድል። ጎረቤትም ከዚህ የሞቀ ሰላምታ ይልካል።

ይቅርታ ጠይቃት እንዳይባል ሰውየው አይችልበትም። ወፍራም ቆዳ በቀጭን መርፌ ለመስፋት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? መርፌው ይጎብጣል እንጂ አይወጣም። የሱም ምላስ እንደዚያው ነው። ስለዚህ የልጅቱ መሥሪያ ቤት ለጥንብ አንሶቹ መርጃ የሁለት ቀን የሳይክል ጉዞ አዘጋጅቷል፣ መድረሻውም ግቢያቸው ነው ሲባል ሲሰማ፣ «እኔ እሄዳለሁ» አለ።

«በምን?» አለች ሚስቱ።

«በሳይክል ነዋ።»

ከላይ እስከ ታች አየችው። ሆዱ ጋ ስትደርስ ትንሽ ቆየች። «አውቶቡስ እኮ አለ። ጠዋት ተሳፍረህ ከሰዓት እዚያ ነህ።»

«በአውቶቡስማ ማንም አባት ይሄዳል።»

ነገሩ እንደገባት አልነገረችውም። የሚመጣውን ቢነግሯት ኖሮ ግን ሶፋዋን ቀድማ ትደብቅ ነበር።

ተጓዥ ሁሉ ለመርጃው ገንዘብ የሚሰጥ ሰው መፈለግ አለበት ስለተባለ፣ መጀመሪያ የሄደው የሱቁ ጎረቤት ወደሆነው ሥጋ ሻጭ ነው።

«ለምን እንስሳ ነው የምትለምነው?» አለ ሥጋ ሻጩ፣ ቢላውን እያፋጨ።

«ለአሞራ።»

«የትኛው አሞራ?»

«ትልቁ።»

«ንስር?»

«ከንስር… ትንሽ ራሰ በራ ነው።»

ሥጋ ሻጩ ቢላውን አስቀመጠ። «ጥንብ አንሳ! አንተ ሰውዬ፣ ተፎካካሪዬን ነው እንዴ ደጉም የምትለኝ?»

«ስማኝ እስቲ። ሰው ውሻና ጅብ ለመግደል ሥጋ ላይ መርዝ ይጨምራል። እነሱ ያንን ይበሉና ያልቃሉ። እነሱ ካለቁ ጥንቡን ማን ያነሳዋል? አንተ ታነሳለህ?»

ይህንን ከሚስቱ ነው የሰማው፣ ሚስቱ ከልጅቱ። መጨረሻዋን ጥያቄ ብቻ ከራሱ ጨመረ። ሥጋ ሻጩ ጥንብ ሲያነሳ ራሱን አሰበና እጁን ኪሱ ከተተ።

ከዚያ ኮርቻው መጣ። ሳይክሉ አሮጌ ነው፣ ወንበሩም እንደ ቢላ የቀጠነ። ሶፋ ሰሪው አንዴ ቁጭ ብሎበት፣ «ይሄንን የሠራው ሰው መቀመጫ የለውም» ብሎ ወረደ። ሦስት ቀን ሱቁን ዘግቶ ሠራ። ከታች ሞላ፣ በላዩ የሚስቱ ስፖንጅ፣ በላዩ አረንጓዴ ጨርቅ፣ መሀሉ ላይ ለውበት በጨርቅ የተሸፈኑ ቁልፎች። ሲያልቅ አንድ ሕፃን ያስተኛል።

ጎማ ጠጋኙ ሊገጥምለት ሲቀበለው አገላብጦ አየው። «ጋሼ፣ ትራሱ የማን ነው?»

«ኮርቻ ነው።»

«እኔ ልሙት ጋሼ፣ ይሄ ነገር አያዋጣዎትም። ሳይክል ላይ እኮ ቁጭ አይባልም፣ ይረገጣል።»

«ስማ ልጄ፣ ስለ ጎማ አንተ ንገረኝ። ስለ መቀመጥ ግን ለኔ ተወው። በሰው መቀመጫ ነው ቤተሰብ ያስተዳደርኩት።»

በማግስቱ ለልምምድ ወጣ። እስከ ከተማው ዳር ነዳጅ ማደያ ደርሶ መመለስ ነው ሐሳቡ። ሲሄድ ሥጋ ሻጩ እጁን አውለበለበለት፣ እሱም እንደ ሹም በአንድ እጁ መለሰ። ሲመለስ ግን ማንም አላውለበለበለትም፤ የሚያዩት ነገር ገርሟቸው ቆሙ። ሳይክሉን እየገፋ፣ እግሮቹን እንደ በር ከፍቶ ነው የሚራመደው። ለካ ጉድጓድ በተገኘ ቁጥር ሞላው ሰብስቦ ያስፈነጥረዋል፤ ሲወርድ ደግሞ ቁልፎቹ ይቀበሉታል። በመሀል ስፖንጁ ግራና ቀኝ እያሻሸ ቆዳውን ሙልጭ አድርጎታል።

በሰፈሩ ቅጽል ስሙ «ቁጭ በሉ» ነው። ደንበኛ በሩ ላይ ገና ብቅ ከማለቱ «ቁጭ በሉ እስቲ» ስለሚል ነው። በዚያ ሳምንት ሊጋቡ ያሰቡ ሁለት ወጣቶች ሶፋ ሊያዙ መጡ።

«ቁጭ በሉ እስቲ።»

ቁጭ አሉ። «እርስዎስ?» አለች ወጣቷ።

«እኔ ቆሜ ይሻለኛል።»

ትንሽ ቆይቶ እጮኛዋ ወንበር ሳበለት። «ኧረ አረፍ ይበሉ አባባ፣ አፈርን እኮ።»

«አልችልም ልጄ።»

ሁለቱ ተያዩ። ሰሪው የማይደፍረውን ሶፋ ማን ይገዛል? «ተመካክረን እንመለሳለን» ብለው ወጡ፤ ምን እንደተመካከሩ እንጃ፣ አልተመለሱም።

ማታ ሶፋው ላይ በሆዱ ተኝቷል። ሆዱ የመሀለኛው መቀመጫ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ልክ ገጥሟል፣ በልኩ እንደተቆረጠ። በዚህ ሁኔታ ሁለት ቀን መንዳት ቀርቶ እስከ ሱቁም አይደርስም፤ ጉዞው ደግሞ ቀርቧል። ሚስቱ አየት አደረገችውና ለልጅቱ ደወለች። ድምፁን ሆን ብላ ከፍ አደረገችው።

«አባትሽ መቀመጥ አቅቶታል።»

«ውይ! ምን ሆኖ?»

«ሶፋዬን ሳይክል ላይ ሰፍቶት ነዋ!»

ከስልኩ ሳቅ መጣ፣ የዛሬ ዓመት የጠፋው ሳቅ። ልጅቱ ስትስቅ እንደ ድመት ታስነጥሳለች፤ ሰውየው ፊቱን ሶፋው ውስጥ እንደቀበረ ጆሮውን አቆመ።

«እሺ፣ እሺ» አለች ሐኪምነቷ ሲመለስላት። «ቀልቷል ብቻ ነው ወይስ ቆስሏል?»

«እኔ ምኑን አየሁት?» አለች እናት።

«አይታለች!» ብሎ ጮኸ ከሶፋው ውስጥ።

«…አባዬ? አለህ እንዴ?»

«አለሁ። በሆዴ ነው ያለሁት።»

ማንም አልሳቀም። ሚስቱ ስልኩን ጆሮው አጠገብ አስቀምጣ፣ ምንም የማይሠራበት ማድቤት ሥራ እንዳለባት ሆና ሄደች።

«ያንን ነገር አውልቀህ ጣለው» አለች ልጅቱ። «ኮርቻ ጠባብና ጠንከር ያለ ነው። እኛ ጋ ለእግር ቁስል የምንቀባው ቅባት አለ፣ ለሰውም ይሆናል። ልላክልህ?»

«ለጥንብ… ለነሱ የምትቀቡትን?»

«ከተጠየፍክ ተወው።»

«ማን ተጠየፈ! ከነሱ በምን እበልጣለሁ እኔ?» ጉሮሮውን ጠረገ። «ደግሞ… ያን ቀን ብርጭቆ ይዤ የተናገርኩትን…»

«ምን ተናገርክ?»

መርፌው ጎበጠ። «…ደደብ ነገር» አለ በመጨረሻ።

«ማታና ጠዋት ነው የሚቀባው» አለች፣ ድምፏ ቀጠን ብሎ። «በንፁህ እጅ፣ አባዬ።»

ቅባቱ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ መጣ። ከቅባቱ ቆርቆሮ ጋር የግቢው ማኅተም ያለበት የሂሳብ ወረቀት ተጠቅልሏል። መነጽሩን አድርጎ ለሚስቱ ጮክ ብሎ አነበበላት፦

«ታካሚ፦ ጥንብ አንሳ፣ ወንድ፣ ትልቅ። ሕመም፦ አጉል አቀማመጥ። ለመድኃኒትና ለምክር፦ ሁለት መቶ። ክፍያ የሚፈጸመው እዚሁ ግቢ በአካል ቀርቦ፣ ከነሳይክሉ።»

ማታና ጠዋት ተቀባ። ሲድን ጎማ ጠጋኙ ጋ ሄዶ፣ ቀና ብሎ ሳያየው፣ «በል ያንን የድሮውን ቢላ ወንበር ግጠምልኝ» አለ። ጎማ ጠጋኙም ደግ ነው፣ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ፊቱን አዙሮ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ እንጂ። ከዚያ ነዳጅ ማደያው ደርሶ መመለስ ተቻለ። ቀጥሎ ድልድዩ፣ ቀጥሎ ከድልድዩ ማዶ ያለው ዳገት። ዳገቱን በወጣበት ቀን ላብ በላብ ሆኖ ገባና ዳቦ እየጎረሰ ቆመ።

«ምናለ ሂሳቡን በስልክ ብትልክላት» አለች ሚስቱ። «ሁለት መቶ ምን አላት? አለዚያ ልጄ ከፋይ አጥታ ትቀራለች እኮ።»

«በአካል ይላል። ማንበብ አትችይም?»

«እሺ፣ የሁለት ቀኑ መንገድ ቢያቅትህስ?»

«ዕዳ ያለበት ሰው መንገድ አያቅተውም» አለና ጎማውን ሊነፋ ወጣ።

ጉዞው እስኪደርስ እሱም እሷም አረፍ አላሉም፤ እሱ ይነዳል፣ እሷ ስንቅ ታዘጋጃለች። በዚያ ቤት ተመችቶት የተቀመጠው፣ ቴሌቪዥኑ አናት ላይ ያለው ያልተከፈለ ሂሳብ ብቻ ነበር።