በጎሚስታ ቤት የለካሁት ጉም

ፊዚክስ ለመማር ብዬ ነበር ከዶዮገና ሆሳዕና ወዳለው ዩኒቨርሲቲ የመጣሁት። በመጀመሪያው ሴሚስተር መሀል ላይ ግን ዲፓርትመንቱን የሚመርጥ ተማሪ ስለጠፋ ዘንድሮ ላይከፈት ይችላል የሚል ወሬ ሰማን። የፊዚክስ መምህራችንን ሄጄ ጠየቅኳቸው። ወሬው እውነት መሆኑን ነገሩኝ። ከዚያም ትንሽ አሰቡና፣ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በራሱ እጅ የለካው ነገር ካለ፣ ይህ በሚወሰንበት ስብሰባ ላይ ይዘው እንደሚከራከሩ ነገሩኝ።

“አንድ ንጹሕ ግራፍ አምጪልኝ” አሉኝ።

የምለካውንም የመረጡልኝ እሳቸው ናቸው። የታመቀ አየር በጠባብ ቀዳዳ ሲወጣ በድንገት ይሰፋል፤ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለው እንፋሎትም ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይለወጣል። አየሩ እርጥብ ከሆነ ጉሙ ቀዳዳው አጠገብ፣ ደረቅ ከሆነ ደግሞ ራቅ ብሎ ይጀምራል ብለን ገመትን። ላብራቶሪያችን ኮምፕሬሰር ስለሌለው መናኸሪያው አጠገብ ወዳለ ጎሚስታ ቤት ሄድኩ።

ባለቤቱ የሀዲያ ሰው፣ ዕድሜያቸው ከአባቴ ከፍ ያለ፣ ሶላታቸውን የማያስታጉሉ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። እሳቸው ሀዲይኛ፣ እኔ ከምባትኛ ይዘን ያደግን ስለሆንን የምንግባባው በአማርኛ ነበር። ጋሼ እላቸዋለሁ። ኮምፕሬሰሩ ታንክ ውስጥ በየቀኑ ውኃ ይጠራቀማል፤ እሳቸውም ጠዋት ጠዋት ከሥር ያለውን ቧንቧ ከፍተው ያፈሱታል። እኔ አንዱን ቀን ውኃው እንዳይፈስ፣ በማግስቱ እንዲፈስ፣ እንዲህ እያፈራረቁ እንዲያደርጉልኝ ለመንኳቸው፤ ውኃው ያደረበት ቀን አየሩ እርጥብ፣ የፈሰሰበት ቀን ደረቅ ይሆንልኛል ብዬ ነው።

“እሺ” አሉኝ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሰዓት በኋላ ተመላለስኩ። ጠባብ ቀዳዳ ያላት ትንሽ የነሐስ ቁራጭ ኮምፕሬሰሩ ቱቦ ጫፍ ላይ አስሬ ከሥሯ ማስመሪያ አስቀምጣለሁ፤ ከፊት ለፊቷ ደግሞ ከገበያ የገዛሁትን ቀይ ሌዘር አበራለሁ። ብርሃን እንዳይገባ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግቼ ከሥሩ እቀመጣለሁ። የሌዘሩ ጨረር በጠራ አየር ውስጥ አይታይም፤ ጠብታ ሲያገኝ ግን ቀይ ክር ሆኖ ብቅ ይላል። ክሩ የሚጀምርበትን ሚሊሜትር አይቼ እጽፋለሁ። ጎማ ሊያስነፋ የሚመጣ አንድ የባጃጅ ሹፌር ባየኝ ቁጥር፣ “እህቴ፣ ዛሬስ ስንት ኪሎ ጉም ዘገንሽ?” ይለኝ ነበር። ጋሼ እንኳ ይስቁ ነበር። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ደብተሬ እየሞላ ስለነበር አልከፋኝም።

አንድ ነገር ብቻ ያስቸግረኝ ነበር። የክሩ ጫፍ አንድ ቦታ አይረጋም፤ በአራትና በሰባት ሚሊሜትር መካከል ይንቀጠቀጣል። ትንሽ እመለከትና ልክ የመሰለኝን እጽፋለሁ።

ግራፉ በጣም አማረ። የእርጥቡ ቀን መስመር ከታች፣ የደረቁ ከላይ፣ አንድም ቦታ ላይ ሳይነካኩ። መምህራችን ሲያዩት ከጎረቤት ቢሮ ሌላ መምህር ጠርተው አሳዩ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ወለል ወለሉን አይ ነበር። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስብሰባው ዓርብ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ጋሼን ለማመስገን ሄድኩ። ስደርስ ታንኩ ሥር ተንበርክከው ውኃ እያፈሰሱ አገኘኋቸው። ሥራዬ እንዳለቀ፣ ከእንግዲህ እንደ ድሮው በየቀኑ ማፍሰስ እንደሚችሉ ነገርኳቸው።

“እኔማ መቼ አቆምኩ ልጄ” አሉ፣ ቀና ሳይሉ። “ውኃ ካደረበት ታንኩን ይበላዋል።”

“እሺ ብለውኝ ነበር እኮ ጋሼ።”

“ታዲያ ደጄ ድረስ መጥተሽ እምቢ ልበልሽ?”

አልተቆጣሁም። በምን ልቆጣ? አንድ ቀን እንኳ ጠዋት መጥቼ አላየሁም። ግቢ ገብቼ ደብተሬን ከፈትኩ። ሁሉም ቀን አንድ ዓይነት ቀን ነበር። እርጥብ ብዬ በጻፍኩበት ገጽ ላይ አራት፣ አራት፣ አምስት ይላል፤ ደረቅ ባልኩበት ሰባት፣ ስድስት፣ ሰባት። ክሩ ሲንቀጠቀጥ የምመርጠው እኔ ነበርኩ። እያወቅኩ አልዋሸሁም፤ ግን ልዩነቱ ከአየሩ ሳይሆን ከእርሳሴ ነው የመጣው።

ከሰዓት በኋላ መምህራችን ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ግራፉ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። በጀርባው ገለበጡት።

“ይንቀጠቀጥ እንደነበር ለምን አልነገርሽኝም?”

“ቅር እንዳይልዎት ብዬ ነው፣ ቲቸር።”

እንደገና ልለካ ብዬ ጠየቅኩ። ስብሰባው ነገ መሆኑን አስታወሱኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ስብሰባው ላይ ባዶ እጃቸውን ገብተው እንደተናገሩ፣ ማንም እንዳልተከራከራቸው፣ ማንም እንዳልተስማማ በኋላ ሰማሁ።

ፊዚክስ አልተከፈተም። የዲፓርትመንት ምርጫ ቅጹን ስንሞላ ስሙ ከነጭራሹ አልነበረም። እኔ ዕፅዋት ሳይንስ ደረሰኝ።

ማታ አባቴ ደውሎ ምን እንደደረሰኝ ጠየቀ፤ ነገርኩት። እንሰታችንን በሽታ እየጨረሰው ስለሆነ የሚያጠናው ሰው ከቤታችን መውጣቱ ጥሩ ነው አለና የሰፈሩን ሰው ስም እየጠራ፣ የማን ማሳ እንደደረቀ ይዘረዝርልኝ ጀመር። መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ሁለት ጊዜ “ሀሎ” አለ፤ ከዚያ ዘጋው።