የተቆረጠው ትርፍ

ልብስ ሰፊዋን ባልደረቦቿ «እትዬ ትርፍ» ይሏታል። የምትሰፋው ልብስ ሁሉ ጎንና ጎኑ ላይ ሁለት ጣት ያህል ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጥፎበት ይቀራል። ሰው ይወፍራል፣ ይከሳል፣ ይወልዳል፤ ልብስም አብሮት መኖር አለበት ባይ ናት። ባሏ ታሞ ሆዱ ባበጠበት ዓመት ሱሪውን ደጋግማ ያሰፋችለት ከዚያው ትርፍ ነበር። እስከ መጨረሻው ቀን ሱሪው አልጠበበውም።

የስፌት ቤቱ ባለቤት ሲያርፍ ሥራውን ሴት ልጁ ተረከበች። ልብስ ሰፊዋ የምታውቃት በልጅነቷ ስፌት መኪናው ሥር የወደቀ የልብስ ቁልፍ እየለቀመች ስትጫወት ነው። አሁን «አንቺ» ልበላት ወይስ «እርስዎ» ስትል ከረመችና ፍርሃት አሸነፋት፤ «እርስዎ» አለቻት።

አዲሷ አለቃ አንድ ቀን የተሰቀሉትን ቀሚሶች እየገላለጠች መጥታ የእትዬ ትርፍ ሥራ ላይ ስትደርስ ለቆራጩ፣ «ይኼ ፍራምፒ ነው» አለችው። ቆራጩ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። የቃሉን ትርጉም ይወቀው አይወቀው እግዜር ይወቅ፤ አለቃ ተናግሮ እሱ ራሱን ሳይነቀንቅ የቀረበት ቀን የለም።

ቃሉ ልብስ ሰፊዋን ተከትሎ ቤት ገባ። ሽንኩርት እየላጠች፣ ነገሩን ቀላል አስመስላ፣ ኮሌጅ የምትማረውን ልጇን ጠየቀቻት። ልጅቷ ሳቀች። ፋራ እንደ ማለት ነው አለቻት፤ ግን ሰፋ ያለ፣ ቅርጽ የሌለው፣ ያለ ዕድሜ የሚያስረጅ ልብስ ሲሆን ነው። ደግሞ ወንድን እንዲህ አይሉትም፣ ለሴት ብቻ ነው።

«የሚባለው ልብሱ ነው ወይስ ለባሿ?»

«ሁለቱም። ምነው እማዬ፣ ማን አለሽ?»

ማንም አላለኝም አለች። ዓይኗን ለማበስ ሽንኩርቱ ሰበብ ሆነላት።

ከዚያ ወዲህ በር በተከፈተ ቁጥር ልቧ ስንጥቅ ይላል። የአለቃዋ ጫማ ኮቴ ሲሰማ መርፌው ጣቷን ይወጋታል። በዚህ ዕድሜዋ ብትባረር ማን ይቀጥራታል? የልጅቷ ትምህርትስ?

በእጇ የነበረው የአንዲት የሙሽራ እናት ሰማያዊ ቀሚስ ነው። ወገቡን ጠበብ አደረገችው። ያም ሆኖ በውስጥ የታጠፈው ጨርቅ ጎኑን አሳበጠባት፤ ዓይኗ ላይ ፍራምፒ ሆነባት። መቀሷን አንስታ ዕድሜዋን ሙሉ ያላደረገችውን አደረገች። የተቆረጠው ጨርቅ ወለሉ ላይ ወደቀ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። የሙሽራዋ እናት መጥታ ስትለካው ዚፑ መንገድ ላይ ቀረ። ትንፋሿን ውጣ ሞከረች፤ እምቢ አለ። ሰው በድግስ ጭንቀት ይከሳል፣ እኔ እወፍራለሁ ብላ በራሷ ቀለደችና ሠርጉ ከነገ ወዲያ መሆኑን አስታወሰቻቸው። አለቃዋ ሰምታ መጣች።

«አይጨነቁ፣ የእትዬ ስፌት ትርፍ አያጣም» ብላ የወለቀውን ቀሚስ ጎን ገለበጠችው። ምንም የለም። ቀና አለች። «ትርፉስ?»

ልብስ ሰፊዋን ላብ አጠመቃት። «ቆረጥኩት።»

«ለምን?»

«ፍራምፒ ነው አልሽ። እንዳታባርሪኝ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«አንቺ» ማለቷ የታወቃት ከአፏ ካመለጠ በኋላ ነው። ቆራጩ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን የሚነቀንቅበት አጣ።

አለቃዋ የተቆረጠውን ጎን መልሳ አየችው። «ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ። ግን ያልኩት ላዩን ነው። ውስጡን ማን ይንኩ አለዎት?»

ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን ወለሉ ላይ ዘረጋችው። ተንበርክካ የታችኛውን ዘርፍ ገለጠች። እሱን አልደፈረችውም ነበር፤ አራት ጣት ሙሉ ታጥፎ ተቀምጧል። ግማሹ ተቆርጦ ቢወጣ ለሁለቱም ጎን ማስገቢያ ይበቃል። ነገር ግን ከዚያ ጨርቅ ሌላ ቁራጭ የለም፤ መቀሱ አንዴ ከሳተ ሁሉም ነገር ያበቃል። መቀሱን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። አለቃዋ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተንበረከከችና ጨርቁን ወጥራ ያዘችላት።

«ይቁረጡ፣ ይዤዋለሁ።»

ቆረጠች። ሰፋች። ቀን ሲጋመስ የሙሽራዋ እናት ለበሰችው፣ ተቀመጠች፣ ተነሣች፤ ዚፑ ጸና። አለቃዋ ወደ ክፍሏ ስትመለስ በሩ ላይ ዞር ብላ፣ «ነገ ቀደም ብለው ይምጡ፤ አዲሱን ቅርጽ አብረን እናወጣለን» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ እሺ አለች። መቀሱን ልታስቀምጥ ስትል ግን በፍርሃት የደረቁት ጣቶቿ ከመቀሱ ቀለበት አልላቀቅ አሏት። በሌላው እጇ አንድ በአንድ አወጣቻቸው።