ሳይመለስ የቀረው ታርጋ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ያገለገለ የቤት መኪና ሊገዛ የሽያጭ ውሉን ይዞልኝ መጣ። «አክስቴ፣ አንቺ ወረቀት አታምኚም፤ እስቲ እይልኝ» አለ። መነጽሬን አድርጌ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «እኔም አንብቤዋለሁ እኮ!» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። እኔ አንድ ጊዜ አንድ መስመር ዘልዬ ያነበብኩ ሰው ነኝ።

በሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው። ደብረ ብርሃን አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጫለሁ፤ መቀመጥ ግን አልችልበትም። ምላሴም እግሬም አያርፍም። እናቴ «ይቺን ልጅ እሾህ ላይ ነው የወለድኳት» ትል ነበር። አባቴ በጭነት መኪና ሹፌርነት ጀምረው እህል ነጋዴ የሆኑ ሰው ናቸው። ዳዊት አጥርተው ይደግማሉ፤ በታይፕ የተመታ ወረቀት ሲያዩ ግን «ይሄን ላንቺ» ብለው ወደ እኔ ይገፉታል።

ያን ዓመት፣ መስቀል እንዳለፈ፣ አዲስ አበባ ሄደው ጥቁር የቤት መኪና ገዝተው መጡ። አንድ መሥሪያ ቤት ባለሥልጣኑን አመላልሳ ስታበቃ በሐራጅ የሸጣት ናት። ወንበሯ ቀይ ቆዳ ነው፤ በሯ ሲዘጋ ድምፁ አይሰማም። ሽታዋ ግን የሌላ ሰው ነበር፤ የማናውቀው ሰው ትምባሆና ሽቶ። የመንግሥት ታርጋዋም ከፊትና ከኋላ እንደተሰካ ቀርቷል። ደላላው «በስምዎ እስክትዞር ይንዷት ጌታዬ፣ ማን ያስቆምዎታል!» ብሎ ነው የሸኛቸው።

በማግስቱ የመኪናዋን የሽያጭ ወረቀት አነበብኩላቸው። መኪናዋ ለእሳቸው ተሽጣለች ይላል፤ ሊብሬው በስማቸው ይዞራል ይላል። የመጨረሻው መስመር ደግሞ የመንግሥቱ ታርጋ በሽያጩ ዕለት ተፈቶ እንደሚመለስ፣ የግል ታርጋ እስኪወጣም መኪናዋ እንደምትቆም ይናገራል። እሱን አላነበብኩም። ለኅዳር ሚካኤል ወደ መንዝ፣ ወደ አባቴ እናት አገር ልንሄድ ነበር። ታርጋው ከተፈታ ጉዟችን ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከዚያም በበቅሎ ሊሆን ነው። እኔ ደግሞ ቀዩ ወንበር ላይ ተቀምጬ መታየት አማረኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ለአባቴ ግን ጉዞው ሽርሽር አልነበረም። ልባቸውን ያማቸው ጀምሯል። በእናታቸው አገር ርስት በአባትም በእናትም ይወርዳል፤ ነገር ግን ሐረግ ቆጣሪው ሽማግሌ በዘመድ ፊት ሲቆጥሩ ስሙ ያልተጠራ ሰው ከመሬቱም ከደብሩ መቃብርም የለበትም። አባቴ መሬት አልጎደላቸውም። «ከእናቴ እግር ሥር ያስተኙኝ እንጂ ሌላ ምን እላቸዋለሁ» ይሉ ነበር።

ጣርማበር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ኬላው ላይ የቆመው ወታደር ታርጋዋን ሲያይ ሰንሰለቱን ጥሎ፣ ተረከዙን አጋጭቶ ሰላምታ ሰጠ። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም።

«አየህ ወይ ለማን ነው ሰላምታው?» አሉ አባቴ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ።

«ለእርስዎ ነዋ አባባ!»

«እኔን መች አየኝ» አሉና ማርሽ ቀየሩ።

ከመዘዞ ወዲያ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ገብስ አጫጆች በየማሳው ጎንበስ ብለዋል። አባቴ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው «እግዜር ያበርታ!» አሉ። ሰዎቹ ማጭዳቸውን እንደያዙ ቀና አሉ፤ አንድም የመለሰ የለም። ከበስተኋላችን ፉጨት ተሰማ፤ ከማዶው ጋራ ሌላ ፉጨት መለሰለት። አንዲት ሴት ልጇን ከደጅ ጎትታ አስገብታ በሯን ዘጋች። ሞላሌ ገበያ ላይ የባቄላ ቆሎ አስሰፈርኩና ሳንቲም ብሰጣት ባለቆሎዋ እጇን ሰበሰበች።

«ይውሰዱት። እናንተ መች ጠይቃችሁ ወስዳችሁ ታውቃላችሁ?»

«ምን ሆነው ነው?» አሉ አባቴ መኪና ውስጥ።

«መኪና አይተው አያውቁም፤ ደንግጠው ነው» አልኩ። ቆሎውን ግን ሳልቀምሰው ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት።

በበዓሉ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ዘመድ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር ተሰበሰበ። ሐረግ ቆጣሪው አባ ተክሌ የበግ ፀጉር ባናቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጠላው ሲዞር እኛን ዘለለን። አባቴ እጅ ነሥተው የመጡበትን ተናገሩ። አባ ተክሌ እስከ መጨረሻው ሰሙና፣

«መኪናይቱ የማን ናት?» አሉ።

«የኔ ናት አባቴ።»

«ታርጋዋስ?»

«የመንግሥት ነበረች። ሸጡልኝ።»

ከኋላ አንድ ጎረምሳ «መንግሥት ሲወስድ እንጂ ሲሸጥ አይተን አናውቅም!» አለ። ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ ቆመ።

ከኋላዬ ሲያጉረመርሙ ስሰማ ነው የገባኝ። ለካ አምና ለግብር መሬት ሊለኩ የመጡት ሰዎች መኪና እንደዚሁ የመንግሥት ታርጋ ነበረው። አባቴ ድርሻቸውን ሊያስለኩ፣ መንግሥትን ከኋላ አስከትለው የመጡ መስሏቸዋል።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ወረቀቱን አንብቢላቸው። ይመኑ።»

ቆሜ አነበብኩ። መሸጧን አነበብኩ፤ ሊብሬውን አነበብኩ። የመጨረሻው መስመር ጋ ስደርስ ወረቀቱን አጠፍኩት። አጠገቤ የቆሙት የደብሩ መሪጌታ ግን በትከሻዬ ላይ ሲያዩ ኖረዋል።

«አንድ መስመር ቀረሽ፣ እቴ።»

ወረቀቱን ከእጄ ወስደው፣ ምንባብ እንደሚያነቡ ቀስ አድርገው የመጨረሻውን መስመር አወጡት።

«መልስ ተብለህ ሳለ ይዘህብን መጣህ» አሉ አባ ተክሌ። «ልታስፈራራን ነው? ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም?»

አባቴ አዩኝ። ረጅም አልነበረም አስተያየታቸው። «አላውቅም» ቢሉ እውነት ነው፤ የዋሸችው ልጃቸው መሆኗን ግን ያ ሁሉ ዘመድ ያውቃል። ያ የማያርፈው ምላሴ ተጋድሞ ቀረ።

«አውቅ ነበር» አሉ።

አባ ተክሌ መቁጠር ጀመሩ። እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ እገሊትን። የሴት አያቴ ወንድሞች ተጠሩ፣ እህቶቿ ተጠሩ። እሷ ጋ ሲደርሱ ትንፋሽ ወሰዱና ወደሚቀጥለው ቤት አለፉ። አንድ ሰው እንኳ «አባ፣ ዘለሉ» አላለም።

ስንመለስ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተከምሮ ጠበቀን። ጎረምሶች ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ከዳገቱ ይመለከታሉ፤ አይናገሩ፣ አይወረውሩ። አባቴ ወርደው ድንጋዩን አንድ በአንድ እያነሡ፣ በየመሐሉ ደረታቸውን ይይዛሉ። ሲጨርሱ ታርጋዎቹን ፈቱና ወንበር ሥር ከተቱ።

«አባባ፣ እኔ እኮ...» አልኩ።

«ግቢ፣ ብርድ ነው» አሉ። በዕድሜ ዘመናቸው ስለዚያ ነገር የተናገሩኝ ይኸው ብቻ ነው።

ለሚቀጥለው ኅዳር ሚካኤል አልደረሱም። የተቀበሩት ደብረ ብርሃን ነው፤ አጠገባቸው ያለውን ሰው ማንነት እንኳ አናውቅም።

እናቴ እስክትሞት ድረስ «ያቺ መኪና ገፊ ናት፣ ባሌን በላችብኝ» ስትል ኖረች፤ እኔም ስትል ዝም እላት ነበር። ብረት ምን አደረገ? አሁን አባቴ ከሞቱበት ዕድሜ አልፌያለሁ፤ ከጥዱ ሥር ለምን እንዳልተናገርኩ ደጋግሜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ብዙ ዓመት «ልጅ ነበርሽ፣ ደንግጠሽ ነው» እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ውሸት ነው። አልደነገጥኩም። አባቴ ሲያዩኝ፣ እንደሚሸፍኑኝ አውቅ ነበር። አውቄ ነው የጠበቅኩት።